ዕቃ ለሚመረምረው ይታዘዛል

ከመገናኛ ወደ ገርጂ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ወይም ከቦሌ መድኃኔ ዓለም ጀርባ ባሉት የውስጥ ለውስጥ መንገዶች፣ ማለዳ የሚከፈት አንድ ትንሽ ሱቅ ይታሰብ። ግድግዳው ቀድሞ በመርከብ ላይ ዕቃ ይጫንበት የነበረ የብረት ሣጥን ነው፤ ፀሐይና ዝናብ እንዲከላከልለትም ከፊቱ የቆርቆሮ ጥላ ተቀጥሎለታል። በበሩ ግራና ቀኝ ቢጫ ጀሪካኖች ተደርድረዋል፤ በመደርደሪያው ላይ የቡና ሲኒዎች በስድስት በስድስት ታስረው ተቀምጠዋል፤ ከባንኮኒው ሥር ባለው መሳቢያ ደግሞ የትናንቱ ሽያጭ ብር ተቆጥሮ ይገኛል። ባለሱቁ ሥራው መሸጥ ነውና ከነዚህ ነገሮች መካከል አንዱንም ቆም ብሎ አይመለከተውም። ደንበኛውም ቢሆን አስቀድሞ የሚጠይቀው ዋጋውን ነው።

ይሁን እንጂ በዚህ ሱቅ ውስጥ ያለው እያንዳንዱ ነገር ረጅም መንገድ ተጉዞ የመጣ፣ የራሱም ታሪክ ያለው ነው። ታሪኩም ለጨዋታ ማጣፈጫ ብቻ የሚሆን አይደለም። በጥሞና ለተመለከተው ሰው ለአስመጪውም ለላኪውም ለቸርቻሪውም አንድ ትምህርት ይሰጣል፤ ይኸውም ዕቃ መልኩንና ጥራቱን የሚያገኘው ከሠሪው እጅ ብቻ ሳይሆን ከገዢውም ዐይን መሆኑ ነው። አጥብቆ የጠየቀ ገበያ የጠየቀውን ሲያገኝ ኖሯል፤ የተሰጠውን ዝም ብሎ የተቀበለ ገበያ ግን ሌላው የናቀውን ሲለቅም ቀርቷል።

በመጀመሪያ ሱቁ ራሱ ይታይ። ኮንቴይነር የሚባለውን ሣጥን ለባሕር ንግድ ያዋለው ሰው የመርከብ ሰው አልነበረም። ማልኮም ማክሊን የሚባል አሜሪካዊ የካሚዮን ድርጅት ባለቤት ነበረ። በዚያ ዘመን ጭነት ሁሉ ከረጢቱ በከረጢት፣ በርሜሉ በበርሜል፣ በሰው ትከሻ ከካሚዮን ወደ መርከብ ይገባ ነበርና መኪናዎች ወደብ ላይ ተራ እየጠበቁ ሥራ ፈትተው ይቆሙ ነበር። በዚህ መዘግየት የሚጎዳው ደግሞ ወደቡ ሳይሆን የወደቡ ደንበኛ ነበረ። ማክሊንም ዕቃው ከነሣጥኑ ተነሥቶ ከነሣጥኑ ቢወርድ የተሻለ እንደሚሆን አሰበ፤ እ.ኤ.አ. በ1956 በአፕሪል 26 ቀን አይዲያል ኤክስ የተባለችው መርከብ 58 ሣጥኖች ጭና ከኒውአርክ ወደ ሂዩስተን ተነሣች። ከዚያም የየአገሩ ባለሙያዎች በ1960ዎቹ ዓመታት ተሰብስበው ሣጥኑ ወርዱ 8 ጫማ፣ ርዝመቱ 20 ወይም 40 ጫማ እንዲሆን፣ የማዕዘኑም መያዣ በሁሉም ዘንድ አንድ ዓይነት እንዲሆን ተስማሙ። ዛሬ ከሻንጋይ የተነሣ ሣጥን በጅቡቲ ወርዶ፣ በባቡር ወይም በካሚዮን ሞጆ ደረቅ ወደብ ደርሶ፣ በመጨረሻም ዕድሜው ሲገፋ ገርጂ ላይ ሱቅ ሆኖ የሚቆመው በዚህ ስምምነት ነው። ይህን ሁሉ ያመጣው የአንድ ያልረካ ደንበኛ ቅሬታ መሆኑን ልብ ማለት ይገባል።

ከሣጥኑ ወደ መደርደሪያው ቢታለፍ ሲኒው አለ። ቡናው የኢትዮጵያ ነው፤ ጀበናውም የአገር ሸክላ ሠሪ እጅ ሥራ ነው፤ የሲኒው ስም ግን ከሩቅ የመጣ ነው። በዐረብኛ «ሲኒ» ማለት የቻይና፣ ቻይናዊ ማለት ነው። የዐረብ ነጋዴዎች ከቻይና የሚመጣውን ነጭ ሸክላ በአገሩ ስም ጠሩት፤ ስሙም ከዕቃው ጋር ቀይ ባሕርን ተሻገረ። ስለዚህ አንዲት እመቤት ከረከቦቷ ላይ ሲኒዎቿን ስትደረድር ሳታውቀው የዕቃውን የትውልድ አገር በየቀኑ ትጠራለች ማለት ነው። ዛሬ በሾላም ሆነ በመርካቶ ገበያ የሚሸጠው ሲኒ በብዛት ከዚያው ከቻይና ስለሚመጣ፣ ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ ስሙና ዕቃው እንደገና ተገናኝተዋል።

ከዚህ ይልቅ የሚያስደንቀው ግን የሲኒው መልክ ከየት እንደ መጣ ነው። የቻይና ሸክላ ሠሪዎች ገና በ14ኛው መቶ ዓመት ከፋርስ በመጣ ሰማያዊ ቀለም እያስጌጡ ለእስላም አገሮች ገበያ የሚስማማ ዕቃ ይሠሩ ነበር። በ17ኛው መቶ ዓመት የሆላንድ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ነጋዴዎች የሚፈልጉትን ሳሕንና ማሰሮ ከእንጨት አስቀርጸው ወደ ቻይና ይልኩ ነበር፤ ሠሪው የሆላንድን ማዕድ አይቶት ባያውቅም የእንጨቱን አምሳያ እያየ በትክክል ሠራላቸው። በ18ኛውም መቶ ዓመት በጀርመን አገር ስመ ጥር የሆነው የማይሰን ፋብሪካ ለቱርክ ገበያ ብሎ ጆሮ የሌላቸውን ትናንሽ የቡና ሲኒዎች በብዛት ይሠራ ነበር። ቻይናዊውም ጀርመናዊውም የሠሩት ራሳቸው የሚወዱትን ሳይሆን የተጠየቁትን ነው። ፋብሪካ ማለት እንግዲህ ከጥንት ጀምሮ የታዘዘውን የሚሠራ ነው፤ ቁም ነገሩ አዛዡ ምን ብሎ ማዘዙ ነው።

በሩ አጠገብ የተደረደረው ጀሪካን ይህንኑ ነገር በሌላ መንገድ ያስረዳል። ውኃ በፈረቃ በሚመጣባቸው የምሥራቅ አዲስ አበባ ሰፈሮች፣ በሰሚትም በአያትም፣ ጀሪካን የሌለበት ቤት ማግኘት አይቻልም። አባቱ ግን የጦር ዕቃ ነው። የጀርመን ጦር ሠራዊት እ.ኤ.አ. በ1937 20 ሊትር የሚይዝ የቤንዚን መያዣ ከብረት አሠራ። ትእዛዙ በዝርዝር የተጠና ነበር፤ አንድ ሰው ባዶውን ሁለት ሁለት በአንድ እጅ እንዲይዝ፣ ሙሉውንም ሁለት ሰዎች ተጋግዘው እንዲያነሡት ሦስት እጀታ ተደረገለት፤ ውኃ ላይ ቢወድቅ እንዳይሰጥም የአየር ቦታ ተተወለት፤ ሆዱ እንዳይነፋ በጎኑ የመስቀል ቅርጽ ያለው ሸንተረር ተመታበት። እንግሊዞች በበኩላቸው ዋጋው እንዲረክስ ብለው ከስስ ቆርቆሮ የተሠራ መያዣ ይዘው ወደ ሰሜን አፍሪቃ በረሃ ዘመቱ። ወታደሮቹ ራሳቸው «ፍሊምዚ» አሉት፤ ስስና ልፍስፍስ ማለት ነው። ስሙም እንደሚናገረው እየተበሳ ብዙ ቤንዚን በአሸዋ ላይ ፈሰሰ። እንግሊዞቹም ከጠላት የተማረከውን ቆርቆሮ እንደ ወርቅ ይፈልጉት ጀመር፤ ኋላም እነርሱና አሜሪካኖች አስመስለው ሠሩት። ለጀርመን ወታደር ያወጡት ቅጽል ስም «ጄሪ» ስለ ነበረ ዕቃው «ጀሪካን» ተባለ፤ ስሙም ብረቱ በፕላስቲክ ከተተካ በኋላ እንኳ ሳይለወጥ አዲስ አበባ ደርሷል።

በርካሹ መያዣ የተቆጠበው ገንዘብ በፈሰሰው ቤንዚን መከፈሉ ለነጋዴ እንግዳ ነገር ሊሆን አይገባም። የገርጂዋ እመቤት ጀሪካን ስትገዛ ሆዱን በአውራ ጣቷ ትጫነዋለች፤ አፉን ታሸታለች፤ ክዳኑን ታጠብቃለች፤ እጀታውንም ይዛ ታወዛውዘዋለች። ይህ ምርመራ ከጦር መሐንዲስ ምርመራ የሚያንስ አይደለም። 20 ሊትር ውኃ 20 ኪሎ ግራም ይመዝናልና በደረጃ መካከል እጀታው ቢነቀል ምን እንደሚሆን ታውቃለች። ከታቹ ላይ በሦስት ቀስቶች መካከል የታተመው ቁጥር የፕላስቲኩን ዓይነት ብቻ እንጂ ቀድሞ በውስጡ ምን እንደ ነበረ አይናገርም፤ ስለዚህ የማሽተቷ ነገር ከቁጥሩ የበለጠ ያስረዳታል። እርስዋ ይህን ያህል ስትመረምር፣ ዕቃውን በሺህ የሚያዝዘው ሰው በስልክ የተላከለትን ፎቶግራፍ አይቶ ብቻ የሚያዝዝ ከሆነ፣ ከሁለቱ ነጋዴው ማን እንደ ሆነ ለመለየት ያስቸግራል።

ከሱቁ ፊት የተቀጠለው ቆርቆሮም እንዲሁ ነው። ሽብሽቡን ቆርቆሮ እ.ኤ.አ. በ1829 ያወጣው የሎንዶን ወደብ መሐንዲስ ሄንሪ ፓልመር ነው፤ ስስ ብረት ሲሸበሸብ ያለ ብዙ እንጨት ራሱን ችሎ ስለሚቆም ለወደቡ መጋዘን ጣሪያ ተመረጠ። ዝገት እንዳይበላው በዚንክ የመለበጡን ዘዴ ደግሞ ፈረንሳዊው ሶሬል እ.ኤ.አ. በ1837 አስመዘገበ። ቆርቆሮ እንግዲህ በነጋዴ መጋዘን ላይ የተወለደ፣ ኋላም የአዲስ አበባን ሣር ክዳን የለወጠ ዕቃ ነው።

የቆርቆሮ ነጋዴ ሁሉ ውፍረቱን በ«ጌጅ» ይቆጥራል። ብዙ ገዢ ግን የማያውቀው ነገር አለ፤ ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ቆርቆሮው እየሳሳ ይሄዳል። 32 ጌጅ ከ28 ጌጅ የሳሳ ነው። ይህ የተገላቢጦሽ ቆጠራ የመጣው ከሽቦ ሠሪዎች ነው፤ ሽቦ በጠባብ ቀዳዳ በተሳበ ቁጥር ይቀጥናልና ቁጥሩ የሚቆጥረው ውፍረቱን ሳይሆን ስንት ጊዜ እንደ ተሳበ ነበር። በዚህም ላይ የእንግሊዝና የአሜሪካ ሠንጠረዦች ለአንድ ቁጥር አንድ ዓይነት ውፍረት አይሰጡም። ቤት ለመሥራት ዓመታት ቆጥቦ የመጣ ሰው «ትልቁን ቁጥር ስጠኝ» ሲል ሰምቶ፣ ሳያርሙት ስሱን የሚሸጥለት ሰው ይኖር ይሆናል። ነገር ግን ያ ጣሪያ በሁለተኛው ክረምት ሲያፈስ ባለቤቱ የሚያስታውሰው የሎንዶኑን መሐንዲስ ሳይሆን የሸጠለትን መደብር ነው። ውፍረቱን በሚሊ ሜትር ጽፎ መለጠፍ የሚጠይቀው ግን አንድ ብጣሽ ወረቀት ብቻ ነው።

አሁን ደግሞ መሳቢያው ይከፈት። በውስጡ ያለው ገንዘብ «ብር» ይባላል፤ ይሁን እንጂ ወረቀቱ ወረቀት ነው፤ የአንድ ብሩም ሳንቲም ቢሆን ብር የሚባለው ማዕድን የለበትም። ስሙ የተረፈው ከጠገራው ነው። የኦስትሪያ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ ያረፉት እ.ኤ.አ. በ1780 ነው፤ ምስላቸው ያለበት ብር ግን ከዚያ በኋላ ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ ሲመታ፣ ሁልጊዜ 1780 የሚለውን ዓመት እንደ ያዘ ነበር። በቪየና ተመታ፤ በሚላንና በቬኒስ ተመታ፤ ኋላም በሮማ፣ በሎንዶን፣ በፓሪስ፣ በብራስልስና በቦምቤይ ተመታ። ከምስሉ በታች ያሉት ሁለት የላቲን ፊደሎች ጉንዝቡርግ በምትባል ከተማ የነበሩ የሁለት የገንዘብ ማምረቻ ሹማምንት፣ የሾብልና የፋቢ፣ የስማቸው መጀመሪያ ናቸው። ሰዎቹ ከሞቱ በኋላ እነርሱ ባላዩት አገር በተመታው ብር ላይ ሁሉ ፊደላቸው አልቀረም።

ታላላቅ መንግሥታት የሞቱትን ንግሥት ምስልና የሞተውን ዓመት እንዲህ አክብረው የያዙት ስለ ምን ነው? ምክንያቱ ሌላ ሳይሆን በቀይ ባሕር ዳርና በኢትዮጵያ ገበያዎች የነበረው ገዢ ሌላ አልቀበልም ማለቱ ነው። የጎንደርም የሐረርም የአድዋም ገበያተኛ ብሩን ተቀብሎ ያገላብጠው ነበር፤ በንግሥቲቱ ትከሻ ያለውን ጌጥ የከበቡትን ዘጠኝ ዕንቁዎች ይቆጥር ነበር፤ የዘውዱን ነጠብጣብ ይመለከት ነበር፤ ፊደሎቹን ማንበብ ባይችልም መኖር አለመኖራቸውን ያውቅ ነበር። አንዱ ምልክት ቢደበዝዝ ወይም ቢጎድል ብሩን ይመልሰዋል። ክብደቱ 28 ግራም ገደማ፣ ከስድስቱም እጅ አምስቱ ጥሩ ብር ነበረ፤ ይህም ሳይጓደል እንዲኖር ያደረገው በኦስትሪያ ሕግ ውስጥ የተጻፈው ቃል ብቻ ሳይሆን በገበያ መካከል ቆሞ ዕንቁ የሚቆጥረው ሰው ጣት ነበረ።

የዚህ ምርመራ ኃይል እስከ ምን እንደሚደርስ በሁለት ነገር ታይቷል። ጣሊያን ኢትዮጵያን ለመውረር ስትዘጋጅ እ.ኤ.አ. በ1935 ሙሶሊኒ የብሩን መምቻ ከኦስትሪያ መንግሥት አስፈቅዶ ወሰደ፤ በሮማም አስመታ። መድፍና አውሮፕላን የያዘው ወራሪ እንኳ በገበያው ዘንድ በሊራ ብቻ መግባት አልሆነለትም ማለት ነው። ሁለተኛው ግን ለምክር የሚሆን ነው። ዐፄ ምኒልክ በፓሪስ ያስመቱትና 1887 ዓ.ም. የተጻፈበት ብር በክብደቱም በብርነቱም የማርትሬዛው እኩያ ነበረ፤ የንጉሠ ነገሥቱ ምስልና የይሁዳ አንበሳ ነበረበት፤ ሆኖም ጠገራውን ከገበያ ሊያስወጣው አልቻለም። ጠገራው ቦታውን የለቀቀው ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ በሕግ በወጣ ጊዜ ነው፤ ያን ጊዜም ቢሆን ወረቀት ብቻ አልተሰጠም፤ የሃምሳ ሳንቲሙ ከብር ተሠርቶ ነበር። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው፤ እምነት በአንድ ቀን አይመታም። አንድ ጊዜ ከተመታ ደግሞ ባለቤቱ ከሞተ በኋላ እንኳ ይሠራል።

ምናልባት አንዳንድ ነጋዴ «ያ ዘመን ሌላ ነበር፤ የዛሬው ደንበኛ ኪሱ ስለሳሳ ርካሽ ካልሆነ አይገዛም፤ ጥራት ብናዝዝ ዕቃው በእጃችን ይቀራል» ይል ይሆናል። ይህ አነጋገር በቀላሉ የሚጣል አይደለም። የውጭ ምንዛሪ ውድ ነው፤ ቀረጡም ኪራዩም ይጨምራል፤ በአንድ ሲኒ ላይ የምትታከል ጥቂት ሳንቲም በሺህ ስትባዛ ታስፈራለች። ነገር ግን ዕንቁውን ይቆጥር የነበረው ሰው ባለጸጋ አልነበረም። ባላገር ነበረ። አጥብቆ የቆጠረውም ድኻ በመሆኑ ነው፤ አንድ መጥፎ ብር ቢቀበል የሚተካበት ሌላ አልነበረውምና። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚለው ተረት የተነገረው ለሀብታም አይደለም። ሀብታም የተሰነጠቀውን ሲኒ ጥሎ ሌላ ይገዛል፤ ድኻ ግን ሁለት ጊዜ ሊገዛ አይችልም። ስለዚህ ድኻ ደንበኛ የሚፈልገው የሚቆይ ዕቃ ነው። ርካሹን የሚመርጠው የሚቆየውን ከማይቆየው የሚለይበት ምልክት ስላልተሰጠው ነው። ምልክቱን መስጠት ደግሞ የነጋዴው ፈንታ ነው።

ለዚህ ማስረጃ ከቦሌ ሰማይ በታች ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከልደታው ማረፊያ ወጥቶ ወደ ቦሌ የመጣው ጄት አውሮፕላን ለማሳረፍ የሚችል ሜዳ በመሻቱ ነው፤ በ1955 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹ ቦይንግ 720 ቢ አውሮፕላኖች ገቡ። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለ ነው፤ አየሩ ስስ ስለሆነ የሞተር ጉልበት ይቀንሳል፤ የሚያስፈልገውም መንደርደሪያ ይረዝማል። እንግዲህ አውሮፕላን ገዢ «ከዚህ ከፍታ፣ ይህን ያህል ጭኖ ይነሣልን?» ብሎ ሳይጠይቅ ገንዘብ አይከፍልም። አውሮፕላን በፎቶግራፍ አይገዛም። ከዚያው ሜዳ አጥር ውጭ ያለው ነጋዴም ቆርቆሮውንና ጀሪካኑን በዚሁ ሥርዓት ቢያዝዝ የሚከለክለው የለም።

ኃይሉ ዛሬ የለም የሚል ቢኖር ደግሞ ወደ ጨርቅ ሱቆች ይግባ። የሐበሻ ቀሚስ ጥለት በሸማኔ እጅ እንደ ተሠራ ተደርጎ በውጭ አገር ፋብሪካ ታትሞ ይሸጣል። ያ ፋብሪካ ጥለቱን በሕልሙ አላየውም፤ የሚሸጠው እዚህ ነውና ትእዛዙም ከዚሁ የሄደ ነው። የሩቁ ፋብሪካ ለኢትዮጵያ ነጋዴ ቃል እስከ ክሩ ቀለም ድረስ እንደሚታዘዝ ይህ ራሱ ይመሰክራል። የሚያሳዝነው ኃይሉ ጠንካራ ጀሪካንና የማይሰነጠቅ ሲኒ ለማሠራት ሳይሆን የሽሮ ሜዳን ሸማኔ እንጀራ ለመሻማት መዋሉ ነው። የታተመውን ጨርቅ የታተመ ነው ብሎ የሚሸጥ ሰው አንድ ነገር ነው፤ ሽመና ነው ብሎ የሚሸጥ ግን ዕንቁው ሰባት የሆነውን ብር የሚያሳልፍ ሰው ነው።

ላኪዎችም ከዚህ ነገር ውጭ አይደሉም። ጠገራው ያስተማረው የመልክና የስም ዋጋ ለነርሱ ይበልጥ ይሠራል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2005 የሐረርን፣ የሲዳሞንና የይርጋ ጨፌን የቡና ስሞች በአሜሪካ የንግድ ምልክት አድርጋ ለማስመዝገብ ጠየቀች። የአሜሪካ የቡና ነጋዴዎች ማኅበር ተቃወመ፤ ክርክሩም ከጽሕፈት ቤት አልፎ በዓለም ጋዜጦች ወጣ። እ.ኤ.አ. በ2007 ግን ትልቁ የቡና ኩባንያ ስታርባክስ ስሞቹን አውቆ ከኢትዮጵያ ጋር ውል ተፈራረመ። ስም ሀብት መሆኑ በዚህ ታወቀ። ሆኖም ስም በመዝገብ ላይ ብቻ አይኖርም። በአንድ ከረጢት ውስጥ ጥቂት የሌላ ስፍራ ቡና የሚቀላቅል ላኪ የራሱን ኪሎ ያበዛ ይመስለዋል እንጂ የሁሉንም ብር እየሸረሸረ ነው። በውጭ አገር ያለው ቡና ቀማሽ እንደ ጥንቱ ገበያተኛ ዕንቁውን ይቆጥራል፤ አንድ ቢጎድልበት ከረጢቱን ብቻ ሳይሆን ስሙንም ይመልሳል።

እንግዲህ ምን ይደረግ? የሚጠየቀው ከባድ አይደለም። አስመጪው ትእዛዙን በጽሑፍ ያድርግ፤ የቆርቆሮውን ውፍረት በሚሊ ሜትር፣ የጀሪካኑን ባዶ ክብደት በግራም፣ የሲኒውን መያዣ ልክ በሚሊ ሊትር ይጻፍ። እንደ ሆላንዶቹ ነጋዴዎች ናሙና ያዘጋጅ፤ አንዱ ታሽጎ ለፋብሪካው ይላክ፤ ሁለተኛው ታሽጎ በመደብሩ ይቀመጥ፤ ሣጥኑ ሞጆ ሲከፈት ዕቃው ከናሙናው ጋር ይተያይ። የመጨረሻው ክፍያም ከምርመራ በፊት እንዳይወጣ በውሉ ይጻፍ።

ባለሱቁ ደግሞ በደንበኛውና በአስመጪው መካከል የቆመ ሰው ነው። አንዲት ሴት የተሰነጠቀ ሲኒ ይዛ ስትመጣ «ሲገዙት ደኅና ነበረ» ብሎ መመለስ ቀላል ነው። ያ ቅሬታ ግን በባንኮኒው ላይ ከሞተ ፋብሪካው ስሕተቱን ሳያውቅ ሌላ አሥር ሺህ ይሠራል። ቅሬታውን በደብተር ጽፎ ለጅምላ ሻጩ የሚያደርስ፣ ጅምላ ሻጩም ለአስመጪው የሚያስተላልፍ ከሆነ የገርጂዋ እመቤት ድምፅ ቻይና ይደርሳል።

አንድ ትንሽ አስመጪ ብቻውን ሲናገር ፋብሪካው ላይሰማው ይችላል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንዲሉ፣ አንድ ዓይነት ዕቃ የሚያስመጡ ነጋዴዎች ተስማምተው አንድ ልክ ቢያወጡ ግን የሚናገረው ገበያው ራሱ ይሆናል። ኮንቴይነሩ ዓለምን የዞረው ብዙ ተወዳዳሪዎች በአንድ ልክ ስለተስማሙ ነው፤ ስምምነቱም ውድድራቸውን አላስቀረም፤ ንግዳቸውን አሰፋው እንጂ። የንግድ ምክር ቤትም የታወቁ ዕቃዎች ናሙናና ልክ የሚታይበት አንድ ክፍል ቢያዘጋጅ፣ ነጋዴው ከማዘዙ በፊት ገብቶ ቢያመሳክር፣ ከብዙ ስብሰባ የበለጠ ይጠቅማል።

ሲመሽ ባለሱቁ ጀሪካኖቹን ወደ ውስጥ ያስገባል፤ ሲኒዎቹን ይቆጥራል፤ የሣጥኑንም የብረት በር ይዘጋል። ከመዝጋቱ በፊት ብሩን አንድ ባንድ ለብርሃን እያሳየ ሐሰተኛ እንዳይሆን ይመረምራል። ያ እጅ የጥንቱን እጅ አልረሳም ማለት ነው። ገንዘቡን የሚመረምርበትን ዐይን በገንዘቡ በሚገዛው ዕቃ ላይም ቢያሳርፈው፣ ፋብሪካው ሩቅም ቢሆን ይታዘዝለታል።